ቦረና ድርቅን እንዴት ይቋቋማል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የቦረና ድርቅ ዜና በሆነ ቁጥር ተመሳሳይ ጥያቄዎች ይነሳሉ። ለምን ከብቶቻቸውን ቀድመው አይሸጡም? ለምን አያርሱም? ለምን ጉድጓድ አይቆፈርላቸውም? ጥያቄዎቹ ከክፋት የመጡ አይደሉም። አብዛኞቻችን የደጋ ወይም የከተማ ልጆች ነን፤ የቆላውን ኑሮ በቅርበት አናውቀውም። ስለዚህ ደጋግመው የሚነሱትን ሰብስቤ መልስ ጻፍኩላቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ቦረና የት ነው? እኛ ጋ ክረምት ሲዘንብ እዚያ ለምን ይደርቃል?

ቦረና በኦሮሚያ ክልል ደቡብ ጫፍ፣ ከኬንያ ጋር የሚዋሰን ቆላማ አገር ነው። የዞኑ ዋና ከተማ ያቤሎ ናት። ከአዲስ አበባ በሐዋሳና በዲላ አድርጎ ወደ ሞያሌ የሚወርደው አስፋልት አገሩን ሰንጥቆ ያልፋል።

ዝናባቸው ከእኛ ዝናብ ይለያል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ እኛ ጃንጥላ ይዘን ስንሮጥ እዚያ ደረቅ ወቅት ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘንብላቸዋል። ዋናው ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው ነው፤ «ገና» ይሉታል (ከበዓሉ ጋር አይገናኝም፣ የኦሮምኛ ቃል ነው)። ሁለተኛው በጥቅምትና በኅዳር አካባቢ የሚመጣው «ሀገያ» ነው። አጭር ነው፤ ግን ከብቱን የበጋውን ሐሩር የሚያሻግረው እሱ ነው።

አንዱ ቢቀር ሌላው ይደርሳል። ኑሮው የተሠራው በዚህ ላይ ነው። የቦረና ሰው አንድ ዝናብ ሲቀር ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ሁለት ሲቀርም መላ አያጣም።

ታዲያ ከ2013 እስከ 2015 ምን ተፈጠረ?

አምስት ዝናብ በተከታታይ ቀረ። የ2013 ሀገያ ቀረ። የዚያው ዓመት ገና ቀረ። የ2014 ሀገያና ገናም ቀሩ። የ2015 ሀገያም እንደዚያው። ቀረ ስል አንዳንድ ቦታ ጭራሽ ጠብ አላለም ማለቴ አይደለም። ሣር ለማብቀልና ኩሬ ለመሙላት አልበቃም ማለቴ ነው። ሰሜን ኬንያና ሶማሊያም በአንድ ላይ ተመቱ። በ40 ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ድርቅ አልታየም ተባለ።

በኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎች ብቻ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት እንደሞቱ ተዘግቧል። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ያልፈናል። በአንድ ቤት ደጃፍ ስናየው ግን ሌላ ነው። ጠዋት በረት ገብቶ ትናንት ያደረች ላም ወድቃ ማግኘት፤ ሰው ጠርቶ፣ ጅራትና ቀንድ ይዞ ማቆም፤ ማግስቱን ደግሞ እሷንም ጎረቤቷንም ለማንሳት መሞከር። የደከመ ከብትን በየማለዳው እየተጋገዙ ማቆም የዚያን ጊዜ የሰፈሩ ሥራ ነበር።

መጋቢት 2015 ላይ ዝናቡ መጣ። ሲመጣም በጎርፍ መጣ። ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ፦ ከድርቁ የተረፈው የከሳ ከብት የመጀመሪያው ቀዝቃዛ ዝናብ ሲመታው ይሞታል። ሥጋው ስላለቀ ብርዱን የሚቋቋምበት ነገር የለውም። ስንት ወር የተጠበቀ ዝናብ ሲመጣ የመጨረሻዎቹን ከብቶች ይዞ መሄዱን ማሰብ ለእኔ ከምንም በላይ ይከብደኛል።

ድርቅ ድሮም ነበር። ይሄ በእርግጥ የአየር ንብረት ለውጥ ነው?

ድሮም ነበር፤ እውነት ነው። የአሁኑ ግን ድሮ እንደነበረው አይደለም። ወርልድ ዌዘር አትሪቢውሽን የተባለው የሳይንቲስቶች ቡድን በሚያዝያ 2015 ባወጣው ጥናት፣ የሰው ልጅ ያመጣው ሙቀት እንዲህ ያለ ድርቅ የመከሰት ዕድሉን በ100 እጥፍ ገደማ እንደጨመረው ገልጿል። ነገሩ የዝናብ ማነስ ብቻ አይደለም። የወረደችውም ትንሽ ዝናብ መሬት ውስጥ ሳትሰርግ፣ ሣሩም ሳይጠቀምባት ሙቀቱ ይመጥጣታል። ያው ዝናብ ቀድሞ በነበረው ሙቀት ቢወርድ ኖሮ ነገሩ ድርቅ እስከመባል እንደማይደርስ ነው ጥናቱ የሚለው።

መላው አፍሪካ ዓለም ላይ ከሚለቀቀው የሚያሞቅ ጋዝ ድርሻው 4 በመቶ እንኳ አይሞላም። በዚያ ውስጥ የቦረና እረኛ ድርሻ ምን ያህል ነው? ይህን የምለው ለማዘን አይደለም። «ራሳቸውን ይለውጡ» የሚለው ምክር ለማን እንደሚነገር እንድናስብ ነው።

በፊት እንዴት ይቋቋሙ ነበር?

ይሄን ጥያቄ በደንብ ልመልሰው፤ ምክንያቱም «ማስተማር አለብን» ብለው የሚሄዱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ይሄን አያውቁም።

መጀመሪያ ነገር፣ መንጋው አንድ ቦታ አይቀመጥም። ለሁለት ይከፈላል። የሚታለቡት ላሞችና ጥጆች ቤት አካባቢ ይቀራሉ፤ «ዋራ» ይባላሉ። የማይታለቡት፣ ወይፈኖቹና ጠንካሮቹ ከወጣቶች ጋር ራቅ ወዳለ ግጦሽ ይሄዳሉ፤ «ፎራ» ይባላሉ። በዚህ መንገድ የሰፈሩ ሣር ለወተት ላሞች ይተርፋል። ለጥጆችና ለደካሞች ደግሞ «ካሎ» የሚባል የታጠረ ግጦሽ አለ። ዝናብ ሲኖር ማንም አይገባበትም። ለክፉ ቀን ይቀመጣል።

ቀጥሎ ውሃው። የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች «ኤላ» ይባላሉ። ትልልቆቹ በሰው እጅ የተቆፈሩ፣ አንዳንዶቹ 30 ሜትር ገደማ የሚጠልቁ ናቸው። ውሃው የሚወጣው በሰው ሰንሰለት ነው። ወጣቶች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው ባልዲ ይቀባበላሉ፤ እየዘፈኑ። ዜማው ከሌለ እጅ አይናበብም። ውሃው ላይ ገንዳ ውስጥ ይፈስሳል፤ ከብቱ በተራ ይጠጣል። ተራውን የሚያስይዘው «አባ ሄሬጋ» ነው። የማን መንጋ በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ እሱ ይወስናል። በበጋ ከብቶች በየሦስት ቀኑ አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠጡበት ሥርዓት አለ። ይሄም ቢሆን ታስቦበት ነው፤ በየሦስት ቀኑ የሚጠጣ ከብት ከውሃው ርቆ ያለውን ሣር መጋጥ ይችላል።

ሦስተኛው ሰው ለሰው ያለው ዋስትና ነው። ከብቱ ያለቀበትን ሰው ጎሳው ተሰብስቦ፣ ካላቸው ላይ አውጥቶ እንደገና ያቋቁመዋል። «ቡሳ ጎኖፋ» ይባላል። የኦሮሚያ ክልል በቅርብ ዓመታት ስሙን ወስዶ ተቋም አድርጎታል።

መንጋ መክፈል፣ ሣር ማስቀመጥ፣ ውሃ በተራ መጠጣት፣ የወደቀን ማንሳት። ዛሬ በየስብሰባው «መላመድ» የሚባለው ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም።

ታዲያ ለምን አልበቃም?

ሥርዓቱ ሁለት ነገር ይፈልጋል። ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ በሁለት ድርቅ መሃል የማገገሚያ ጊዜ ይፈልጋል። ሁለቱም እያለቁ ነው።

ቦታው በብዙ መንገድ ጠቧል። የአስተዳደር ወሰኖችና ግጭቶች አንዳንዱን መንገድ ዘግተዋል። ረባዳው መሬት፣ ማለትም በበጋ ሣር የሚቆይበት ቦታ፣ እየታረሰ ነው። የሕዝቡም ቁጥር ጨምሯል። ሌላው ቁጥቋጦ ነው። ቦረናዎች ድሮ ሜዳውን በየጊዜው ያቃጥሉ ነበር፤ እሳቱ ቁጥቋጦውን ገድሎ ለሣሩ ቦታ ይከፍታል፣ መዥገርም ይቀንሳል። በደርግ ጊዜ ማቃጠል ተከለከለ። ሐሳቡ ተፈጥሮን መጠበቅ ነበር። ውጤቱ ግን እሾሃማ ቁጥቋጦ ሜዳውን መውረሩ ሆነ። ዛሬ ላም የማትገባበት ብዙ መሬት አለ። እንዲህ ያለ ነገር ሳነብ እናደዳለሁ። የሚያውቁትን ሰዎች የጠየቀ ቢኖር ኖሮ አይሆንም ነበር።

ጊዜውም እንደዚያው ነው። ድሮ ከአንድ ክፉ ድርቅ በኋላ መንጋው እስኪያገግም ጥሩ ዓመታት ይከተሉ ነበር። አሁን መንጋው ሳይሞላ ሌላው ይደርሳል። ቡሳ ጎኖፋም የሚሠራው የሚሰጥ ሰው ሲኖር ነው። ሁሉም ሰው ባንድ ላይ ሲያጣ ማን ለማን ይሰጣል?

ለምን ከብቶቻቸውን ቀድመው አይሸጡም?

ይሄ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ይነሳል።

እስቲ እንደ አንዲት ላም ባለቤት ሆነን እናስበው። ላሟ የልጆቹ ወተት ናት። የሚቀጥለው ዓመት ጥጃም በሆዷ ነው። የሚመጣው ዝናብ ይቅር አይቅር ማንም እርግጠኛ አይደለም። ዛሬ ሸጦ ዝናቡ ከመጣ፣ በሸጠበት ዋጋ ግማሽ ላም አይገዛም። ድርቁ ሲገፋ ደግሞ ሁሉም ሰው አንድ ላይ ገበያ ይወጣል። የከብቱ ዋጋ ይወድቃል፣ የበቆሎው ዋጋ ይንራል። በጥሩ ጊዜ አንድ በሬ የሚገዛው እህል በድርቅ ሦስት አራት በሬ ይጠይቃል። የከሳ ከብት ከያቤሎ አዳማ ድረስ በመኪና ጭኖ የሚወስድ ነጋዴ ደግሞ በቀላሉ አይገኝም፤ መንገድ ላይ ይሞትበታል።

ስለዚህ ጉዳዩ የግንዛቤ ማነስ አይደለም። የገበያና የሰዓት ጉዳይ ነው። ሲመቻችላቸው እንደሚሸጡ ደግሞ ታይቷል። በ1998 ድርቅ ጊዜ በሞያሌ አካባቢ የእርዳታ ድርጅት የከብት ነጋዴዎችን ከአርብቶ አደሮች ጋር አገናኘ። ነጋዴዎቹም ወደ 20 ሺህ የሚጠጋ ከብት ገዙ። ሰዎቹ ባገኙት ብር ለቤት እህል ገዙ፤ ለቀሩት ከብቶች መኖ ገዙ፤ አንዳንዶቹም ከብቶቻቸውን ግጦሽ ወዳለበት በመኪና አስጫኑ። በራሳቸው ገንዘብ፣ በራሳቸው ውሳኔ። በስንዴ እርዳታ ከሚወጣው ወጪ ጋር ሲነጻጸር ብዙ እጥፍ አዋጪ ሆኖ ተገኘ።

ስለ ከብት መድን ሰምቻለሁ። ይሠራል?

ይሠራል፤ ግን ገደብ አለው። ሐሳቡ መጀመሪያ በ2002 በሰሜን ኬንያ ማርሳቢት ተሞከረ። በ2004 በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ድጋፍ በኦሮሚያ ኢንሹራንስ ኩባንያ በኩል ቦረና ገባ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሳተላይት ከሰማይ ሆኖ መሬቱ ምን ያህል አረንጓዴ እንደሆነ ይለካል። አረንጓዴነቱ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ በዚያ አካባቢ ዓረቦን ለከፈለ ሁሉ ካሳ ይከፈላል። የማን ላም ሞተች ብሎ የሚቆጥር ሰው አያስፈልግም። በዚያ ሰፊ አገር እየዞሩ መቁጠርማ የማይቻል ነገር ነው።

ችግሩ ሳተላይቱ ሣርና ቁጥቋጦን እንደ እረኛ ዓይን ለይቶ አለማየቱ ነው። መሬቱ አረንጓዴ ይመስላል፤ አረንጓዴው ግን ላም የማትበላው እሾህ ነው። ያኔ ዓረቦኑን የከፈለ ሰው ከብቱም ይሞታል፣ ካሳም አያገኝም። አንድ ጊዜ እንዲህ የሆነበት ሰው ሁለተኛ አይገዛም፤ አይፈረድበትም። በእኔ አስተያየት የመድኑ ትልቁ ጥቅም ከብት ከሞተ በኋላ መካሱ አይደለም። ገንዘቡ ቀድሞ ከደረሰ መኖ ተገዝቶበት ከብቱ እንዳይሞት ማድረጉ ነው።

ብዙ ጉድጓድ ቢቆፈር አይሻልም?

ልብ ይበሉ፤ እዚህ ጋ ብዙ ደግ ሰው ይሳሳታል። ቦረና ላይ ከብት የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ በጥማት ሳይሆን በረሃብ ነው። ውሃ በቦቴ ይመጣል፤ ሣር ግን በቦቴ አይበቅልም።

ከዚህም በላይ፣ ውሃ የሌለበት ግጦሽ ባዶ መሬት አይደለም። የሚጋጠው ዝናብ ጥሎ ኩሬው ሲሞላ ብቻ ነው። ውሃው ሲደርቅ ከብቱ ስለሚወጣ ሣሩ ያርፋል። እዚያ ላይ ዓመቱን ሙሉ ውሃ የሚሰጥ ጉድጓድ ሲቆፈር ሰው ይሰፍራል፣ ከብቱም አይወጣም። በጥቂት ዓመት ዙሪያው ይራቆታል። ስለዚህ ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት የሚጠየቁት የግጦሹን ሥርዓት የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸው። ያለውን ኤላ መጠገን፣ ደለል የሞላውን ኩሬ መጥረግ ብዙ ጊዜ አዲስ ከመቆፈር ይበልጣል።

ለምን አያርሱም?

የሚያርሱ አሉ። በቆሎ፣ ቦሎቄ፣ ጤፍ ይዘራል። ነገር ግን አምስት ዝናብ የቀረበት አገር ላይ ማሳ ከከብት ቀድሞ ነው የሚደርቀው። ከብት ቢያንስ ይሄዳል፤ ማሳ አይሄድም።

ጎረቤታቸው ኮንሶ በእርሻ ደረቅ አገር ላይ መኖር እንደሚቻል አሳይቷል። የድንጋይ እርከኖቹ ከ400 ዓመት በላይ የቆዩ ናቸው፤ ዩኔስኮም በ2003 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ኮንሶ ግን ተራራ ነው፤ እርከኑም የትውልዶች ጉልበት ነው። ወደ ቦረና ሜዳ ቀድተው የሚወስዱት ነገር አይደለም። የኮንሶም ሰው ቢሆን በዚያ ድርቅ ተጎድቷል።

ላም ትተው ግመል ቢያረቡስ?

ጀምረዋል። ግመል ከአንድ ሳምንት በላይ ያለ ውሃ ትቆያለች። የምትበላውም ያንኑ ላም የማትነካውን ቁጥቋጦ ነው። ፍየልም እንደዚያው፤ ቶሎ ትወልዳለች፣ ስትሸጥም ቀላል ናት። ይሄን ማንም አላስተማራቸውም። አይተው ነው የለወጡት።

ግን አንድ ግመል ውድ ናት። ድሃ ቤተሰብ አይደርስባትም። ለቦረና ደግሞ ላም እንዲሁ ሀብት ብቻ አይደለችም፤ ጥሎሹም፣ ምርቃቱም፣ የገዳው ሥርዓትም ከላም ጋር የተያያዘ ነው።

ሴቶችና ልጆች ላይ ምን ያመጣል?

መንጋው ሲርቅ ወተቱ ይርቃል። ቤት የቀሩት ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው። እናት ለውሃ የምትሄደው መንገድ ይረዝማል፤ ሴት ልጅ ከትምህርት ቀርታ ታግዛታለች። የሕፃን ክሳት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

መላው ቀላል ነው፤ በሶማሌ ክልል ተሞክሯል። ድርቅ ሲጀምር ለጥቂት የሚታለቡ እንስሳት ብቻ መኖ ቤት ድረስ ማድረስ። ሁሉም ከብት አይደለም፤ ልጆች ያሉበት ቤት አንድ ሁለት ላም ወይም ፍየል። እንዲህ በተደረገበት ቦታ ሕፃናቱ እንደሌሎቹ ሰፈሮች አልከሱም። አንድ እስር ድርቆሽ በዚህ መንገድ የሕፃን ምግብ ይሆናል። ሰዎች መኖ መርዳትን «ሰው ተርቦ ከብት መመገብ» ሲሉት ስሰማ ይሄን ነው የምነግራቸው።

ከከተማ ወይም ከውጭ አገር ሆኜ መርዳት እፈልጋለሁ። መቼና እንዴት?

በ2015 ከየአቅጣጫው ገንዘብ፣ ድርቆሽና ውሃ ለቦረና ተሰባሰበ። አገር ውስጥ ያለውም፣ አሜሪካና አውሮፓ ያለውም ወገን አዋጣ። ያንን ልብ የሚነካ ነገር አልረሳውም። ግን አብዛኛው የደረሰው የሞተ ከብት ፎቶ ስልካችን ላይ ከታየ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብን።

መርዳት የሚፈልግ ሰው ፎቶውን አይጠብቅ። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከየወቅቱ በፊት ትንበያ ያወጣል። ሁለት ዝናብ ቀርቶ ሦስተኛው ደካማ ይሆናል ከተባለ ጊዜው ያኔ ነው። ያኔ መኖ ርካሽ ነው፣ ከብቱም ራሱ ይራመዳል። የሚላከውም ነገር በጊዜው ይለያያል፦ በመጀመሪያ መኖና መድኃኒት፣ ቀጥሎ ለቤተሰብ ጥሬ ገንዘብ። ልብስ ጭኖ መሄድ ብዙም አይጠቅምም።

ሁሉንም ያጡትስ?

ለእነሱ መልሱ ይከብዳል። ቦረና ውስጥ ዱብሉቅ አቅራቢያ ባለው የተፈናቃዮች ሰፈር ብዙ መንጋ የነበራቸው አባወራዎች ጨርቅና ላስቲክ ለብሶ በቆመ ጎጆ ሰፈሩ። ከሰል ማክሰል፣ እንጨት መሸጥ፣ የቀን ሥራ ጀመሩ። ከሰሉ ደግሞ ዛፉን ይጨርሳል፤ ይሄን እነሱም ያውቁታል።

ከ1997 ጀምሮ የሚሠራው ሴፍቲኔት ለብዙ ቤት መተንፈሻ ሆኗል። እህል ወይም ብር እየሰጠ ሰው ያለውን ጥሪት ሸጦ እንዳይጨርስ ያግዛል። ጥሪቱ ያለቀበትን ሰው ግን መልሶ ባለ መንጋ አያደርገውም። በኅዳር 2015 ሻርም ኤል ሼክ ላይ በተደረገው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ አገሮች ለእንዲህ ያለ ኪሳራ ፈንድ ለማቋቋም ተስማሙ፤ በሚቀጥለው ዓመት ዱባይ ላይ ሥራ እንዲጀምር ተወሰነ። ከዚያ ገንዘብ ዱብሉቅ የሚደርስ ካለ እንዲህ ቢውል ደስ ይለኛል፦ ለሚፈልግ ፍየልና ጊደር፣ መመለስ ለማይፈልግ ወጣት ደግሞ ሙያና መነሻ ብር። የትኛውን እንደሚፈልግ ራሱ ይምረጥ።

እና ትዕግሥት ይኑረን። ዛሬ አንዲት ጥጃ የተሰጠው ቤተሰብ ወተቷን የሚያየው አድጋ ስትወልድ፣ ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ያም በመሃል ዝናቡ ካልቀረ።